ካራቫኑ በታጠፍኩ ቁጥር ይጮሃል፤ ስታቢላይዘሩ ነው ወይስ ሌላ ችግር?

ሰብለ_ሽቱትጋርት

ሰላም ለዚህ ቤት። መካኒኮችም፣ ካራቫን ያላችሁም እስቲ አንድ በሉኝ።

ያገለገለ ካራቫን፣ በመኪና የሚጎተት የጉዞ ቤት፣ ገዛን። መኪናችን መጎተቻ ስላልነበረው ጋራዥ ወስደን አዲስ የመጎተቻ ኳስ አስገጠምን። ካራቫኑ ጫፉ ላይ መወዛወዝ የሚገታ ስታቢላይዘር አለው፤ እዚህ ጀርመኖቹ አንቲሽሊንገር የሚሉት። ባለ አራት ሸራ ነው፤ እንደ ፍሬን ሸራ። ኳሱን ከፊት፣ ከኋላ፣ ከግራና ከቀኝ ይይዛል። ትልቁን እጀታ ወደ ታች ስጫነው ጥብቅ ይላል።

አውቶባን ላይ ምንም ድምፅ የለም። ችግሩ ቀስ ብዬ ስታጠፍ ነው። ከሰፈር ስወጣ፣ አደባባይ ስዞር፣ ማደያ ስገባ ሲጢጢጢጥ ይላል። ዘይት ነክቶት የማያውቅ የቆርቆሮ በር በሉት። ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። ባለፈው አንድ አዛውንት መስኮቴን አንኳኩተው "ጎማሽ ሊወልቅ ነው" አሉኝ። አንዳንዴ ደግሞ ፍሬን ስይዝ "ቋ!" የሚል ሌላ ድምፅ አለ። እሱ ግን ሁልጊዜ አይሰማም።

ባለቤቴ ግራሶ እንቀባው ይላል። የሸጠልን ሰው "እሱ ኖርማል ነው" ብሎ ነገሩን ዘጋው። ከፋሲካ በኋላ በብሬነር የተራራ መተላለፊያ ተሻግረን ጣሊያን ወደሚገኘው ጋርዳ ሐይቅ ልንወርድ አስበናል። ይኼን ጩኸት ይዤ አልፕስ መውጣት አልፈልግም። ምን ላድርግ?

ጋሽ_ተሳቢ

ግራሶ ነዋ ልጄ! ይኼ ምን ያጠያይቃል? ጅቡቲ መንገድ ላይ ዕድሜዬን ሙሉ ተሳቢ ጎትቻለሁ። መጋጠሚያው ሲደርቅ ይጮሃል፣ ሲጮህ ይበላል፣ ሲበላ ደግሞ አዋሽ በረሃ መሀል ያስቆምሻል። ደህና አድርገሽ ለቅልቂው። ባለቤትሽ ልክ ነው።

መካኒኩ_ማንቸስተር

ጋሼ፣ በተሳቢው እርስዎ ልክ ነዎት። እዚህ ላይ ግን ይቅርታ ያድርጉልኝና ተቃራኒው ነው። ሰብለ፣ እባክሽ ግራሶ እንዳትነኪ! ባልሽ ቀብቶ ከሆነም አሁኑኑ ንገሪን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተራ መጋጠሚያ ኳሱ ላይ በነፃነት እንዲዞር ነው የሚፈለገው። ስለዚህ ይቀባል። ስታቢላይዘር ያለው ግን እንደልቡ እንዳይዞር ነው የተሠራው። ውስጡ ያሉት ሸራዎች ከፍሬን ሸራ ጋር አንድ ዓይነት ሥራ ነው ያላቸው። እጀታውን ስትጫኚ ኳሱን ጨምድደው ይይዛሉ። ከባድ መኪና አጠገብሽ ሲያልፍ ወይም ነፋስ ከጎን ሲመታው ካራቫኑ ጭራውን መወዝወዝ ይጀምራል አይደል? ያንን የሚገታው ይኼ ፍትጊያ ነው። ግራሶ ከገባ ፍትጊያው ይጠፋል። ድምፁም አብሮ ይጠፋል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል፤ ስታቢላይዘሩ ግን ሞቷል። ሸራው ግራሶ ከጠጣ ደግሞ አጥቦ ማዳን ከባድ ነው። በአዲስ መቀየር ነው።

እኔ ጋራዥ የሚመጡልኝ ሰዎች ስለ ጩኸቱ ነው የሚያማርሩት። ዝም ያለውን ይዞ የሚመጣ የለም። እኔን የሚያሰጋኝ ግን ዝም ያለው ነው።

አሁን ጥያቄ። ኳሱ አዲስ ነው ብለሻል። ምን ይመስላል? ቀለም አለው? ፎቶ ካልተመቸሽ በቃልሽ ንገሪን።

ሰብለ_ሽቱትጋርት

እግዜር ይስጥህ ወንድሜ፤ ግራሶ አልነካንም። ባለቤቴ ቱቦውን ገዝቶ ነበር፣ አሁን ደብቄዋለሁ 😄

ወጥቼ አየሁት። ጥቁር ቀለም አለው፣ የሚያብለጨልጭ። ግን ዙሪያውን አልለቀቀም። በግራና በቀኝ በኩል ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ ወጥቷል። ፊቱ ላይም ትንሽ ተልጧል። አናቱ ላይ እንዳለ ነው። በጣቴ ስነካው ጥቁር ዱቄት አለው፣ ትንሽ ያጣብቃል። እንደ ማስቲካ ሳይሆን እንደ ደረቀ ሙጫ።

መካኒኩ_ማንቸስተር

በቃ፣ ግማሹን መልስ ራስሽ ሰጠሽ። ያ የሚያጣብቀው ቀለሙ ነው። ሸራው ቀለሙን ፍቆ ራሱ ላይ ለጥፎታል። አሁን የሚፋተገው ሸራና ብረት ሳይሆን ቀለምና ቀለም ነው። ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ ያደርጋል። ሲጢጥ የሚለው ለዚህ ነው።

ስታቢላይዘር የሚሠሩት ኩባንያዎች፣ አልኮም ሆነ ዊንተርሆፍ፣ መመሪያቸው ላይ ጽፈውታል፤ ኳሱ ቀለም፣ ዝገትና ቅባት የሌለው ባዶ ብረት መሆን አለበት። ኳስ የሚገጥሙ ጋራዦች ግን ይኼን አብዛኛውን ጊዜ አይነግሩም። ለእነሱ ኳስ ኳስ ነው።

ሥራው ቀላል ነው። ከ200 እስከ 240 ቁጥር ያለው የብርጭቆ ወረቀት ያዢ። ኳሱን ዙሪያውን፣ አናቱንም ጭምር፣ ብረቱ ነጭ እስኪሆን ፈትጊው። በማሽን አትሞክሪው፤ ኳሱ ክብነቱን ያጣል። በእጅ ነው። ከዚያ ብሬክ ክሊነር (ቅባት የሚያጥብ የፍሬን ማጽጃ) ጨርቅ ላይ ነፍተሽ ጥረጊው። ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድገሚው።

ቀጥሎ ወደ ካራቫኑ። መጋጠሚያውን ከሥር በባትሪ እዪው። የሸራዎቹ ፊት እንደ መስታወት ካብለጨለጨ ወይም ጥቁር ቅርፊት ከያዘ በዚያው ወረቀት ቀለል አድርገሽ ፈትጊው። ማብለጭለጩ እስኪጠፋ ብቻ፣ እንዳትቆፍሪው። እዚህ ላይ ብሬክ ክሊነር በቀጥታ አትንፊ። ሸራው ሊጠጣው ይችላል፣ ውስጥ ያለውንም ቅባት አጥቦ ሸራው ላይ ያመጣብሻል። ደረቅ ጨርቅ ይበቃል።

ኡትሬክት_ነኝ

ማንቸስተር የተናገረው ላይ አንድ ልጨምር። ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ።

በዚያው ኳስ ሌላ ነገር ትጎትታላችሁ ወይ? እኔ ከካራቫኑ ሌላ ዕቃ የምጭንባት ትንሽ ተጎታች አለችኝ። እሷ ተራ መጋጠሚያ ስለሆነች ግራሶ ትፈልጋለች። ሰኞ በእሷ ሶፋ አጓጉዤ ዓርብ ካራቫኑን ካያያዝኩ ያ ሁሉ ግራሶ ሸራው ውስጥ ገባ ማለት ነው። ስለዚህ በመሀል ኳሱን በብሬክ ክሊነር መጥረግ የግድ ነው። ጎረቤት ተጎታቹን ይዞ መጥቶ "አንዴ አድርስልኝ" ቢልም ያው ነው።

የኳሱን የላስቲክ ክዳንም እዩት። የቆየ ክዳን ውስጡ ግራሶ ያቆረ ነው። ኳሱን አጽድታችሁ ያንን መልሳችሁ ብትደፉበት ምን ዋጋ አለው?

ባለ_ቮልቮው

እኔ ግን አንድ ነገር ልበል፣ አትቆጡኝ። እጀታውን ከፍ አድርጋችሁ ብትነዱስ? ስታቢላይዘሩን ካላጠበቃችሁት አይጮህም። ድሮ ሰው ያለ እሱ ይጎትት አልነበር?

አበበች_ፍራንክፈርት

ባለ ቮልቮው፣ ድሮ ሰው ቀበቶም አያስርም ነበር።

እዚህ ጀርመን ደግሞ የሕግ ነገርም አለ። ካራቫን ስትጎትት ከከተማ ውጭ የተፈቀደልህ 80 ነው። አውቶባን ላይ 100 ለመንዳት የቴምፖ 100 ፈቃድና ከኋላ የሚለጠፈው ክብ ምልክት ያስፈልግሃል። ለዚያ የካራቫኑ ጎማ ከስድስት ዓመት በታች መሆን አለበት፣ አሞርዛተርም ይኑረው። ክብደቱ ላይ ነው ስታቢላይዘሩ የሚመጣው። ያለ ስታቢላይዘር ካራቫኑ ከመኪናው ባዶ ክብደት 0.8 እጥፍ መብለጥ የለበትም። ስታቢላይዘር ካለው እኩል ድረስ ይፈቀዳል። በቁጥር ልንገርህ። ካራቫንህ 1500 ኪሎ ከሆነ ያለ ስታቢላይዘር 1875 ኪሎ የሚመዝን መኪና ትፈልጋለህ። ካለህ 1500 ኪሎው ይበቃል። ትልቅ ልዩነት ነው። በስታቢላይዘሩ ስም ፈቃድ አውጥተህ እጀታውን ሰቅለህ ብትነዳ ራስህን ነው የምታታልለው።

ደግሞ ሰብለ በብሬነር ልትወርድ ነው። ከቁልቁለት ጋር ቀልድ የለም። ቁልቁለት ላይ ካራቫኑ መኪናውን ይገፋል፣ መወዛወዙም የሚጀምረው እዚያ ነው።

መካኒኩ_ማንቸስተር

አበበች ልክ ነሽ። ግን የባለ ቮልቮው ሐሳብ ለምርመራ ይጠቅመናል። ሰብለ፣ ምንም ከማውጣትሽ በፊት ይኼን አድርጊ።

ባዶ ፓርኪንግ ሂጂ። እሑድ የሱፐርማርኬት ግቢ ጥሩ ነው። እጀታው ወርዶ ጥብቅ ብሎ ቀስ ብለሽ ስምንት ቁጥር ሥሪ። ባለቤትሽ ውጭ ሆኖ ይስማ፣ ከጎን ሆኖ ግን፣ መሀል አይግባ። ከዚያ የስታቢላይዘሩን እጀታ ብቻ ከፍ አድርጊ። ካራቫኑ እንደተያያዘ ይቆያል፤ የሚላላው ጭመዳው ነው። መጋጠሚያው ኳሱን መያዙን የሚያሳየው አረንጓዴ ምልክት አሁንም መታየቱን አረጋግጪ። እንደገና ያንኑ ስምንት ዙሪ።

ጩኸቱ ከጠፋ ነገሩ ኳስና ሸራ ነው። ከቀጠለ ሌላ ቦታ እንፈልገው። የሚነቀል መጎተቻ ከሆነ ማያያዣው ላይ ልቅነት ሊኖረው ይችላል፤ ኳሱን በእጅሽ ጨብጠሽ ነቅነቅ አድርጊው። የኤሌክትሪኩ ገመድ፣ የፊቷ ትንሿ ጎማ፣ የጋዝ ሳጥኑ ክዳን፣ ሁሉም ይጮሃሉ። አንድ ደንበኛዬ ሸራ ካልቀየርክልኝ ብሎ ድርቅ ብሎብኝ የሚጮኸው የጋዝ ሲሊንደሩ ነበር። ማሰሪያው ላልቶ ሳጥኑን ይፋቅ ነበር።

እጀታውን የማንሳት ነገር ሌላም ቦታ ይፈቀዳል። ካምፕ ውስጥ ወደ ኋላ እየነዳሽ ጠባብ ቦታ ስታስገቢ አንሺው። ሸራውም አይሰቃይም፣ ጎረቤትም አይቀሰቀስም። መንገድ ልትወጪ ስትይ ግን መልሰሽ ተጫኚው።

ጋሽ_ተሳቢ

እሺ፣ ተማርኩ። ግን ያቺ "ቋ" የምትለዋስ? እሷን ሁላችሁም ዘለላችኋት። ልጅቱ ፍሬን ስትይዝ ነው ያለችው። እኔ በዚህች እከራከራለሁ፤ እሷ የኳስ ድምፅ አይደለችም።

መካኒኩ_ማንቸስተር

ጋሼ ልምድ ማለት ይኼ ነው! ልክ ብለዋል። እዚህ ላይ ደግሞ ግራሶዎ ይፈለጋል።

የካራቫን ፍሬን የሚሠራው በመግፋት ነው። መኪናው ፍጥነት ሲቀንስ ካራቫኑ ወደፊት ይገፋል። ከመጋጠሚያው ኋላ ያለው ዘንግ ወደ ውስጥ ይንሸራተትና የካራቫኑን ፍሬን ይስባል። ዘንጉ የሚንሸራተትበት ቤት ላይ ግራሶ በፓምፕ የሚገባባቸው ትንንሽ ጡቶች አሉ። እዚያ ነው የሚቀባው። ከደረቀ ዘንጉ ይይዝና በድንገት ይለቃል፤ "ቋ" ይላል። ሌላው ምክንያት ዘንጉ ውስጥ ያለው አሞርዛተር መሞቱ ነው።

ለመለየት ካራቫኑን ከመኪናው ፍቺ። የካራቫኑን የእጅ ፍሬን ያዢ። የመጋጠሚያውን ጫፍ በሁለት እጅሽ ወደ ውስጥ ግፊው። ጤነኛ ከሆነ እየከበደሽ ይገባል፣ ስትለቂው ቀስ ብሎ ራሱ ይመለሳል። ያለ ምንም ተቃውሞ ዘው ካለ፣ ወይም ገብቶ ከቀረ፣ አሞርዛተሩ አልቋል። ዘንጉን የሸፈነውን የተሸበሸበ ጥቁር ላስቲክም እዪው። ከተቀደደ ውኃና አሸዋ ገብቶ ዘንጉን ያዝገዋል።

ይቺኛዋ ከጩኸቱ ይበልጥ ታሳስበኛለች። ጩኸቱ ያሳፍርሻል እንጂ አይጎዳሽም። ፍሬን ግን ፍሬን ነው። ከጉዞሽ በፊት አሳዪው።

ሜሪላንድ_ያለሁ

ጣልቃ ልግባ። እኔም ካራቫን እጎትታለሁ፣ እዚህ አሜሪካ ትሬለር ነው የምንለው። እኛ ጋር ኳሱን ግራሶ ቀቡ ይሉናል። አንዱን ልመን?

ኡትሬክት_ነኝ

ሁለቱንም እመን። ዕቃው የተለያየ ነው። የእናንተ ስታቢላይዘር ኳሱን አይጨመድድም። በጎን በኩል የተለየ የፍትጊያ ዘንግ አለ፣ ወይም ክብደት የሚያከፋፍሉት ሁለት ብረቶች ናቸው መወዛወዙን የሚገቱት። ስለዚህ ኳሱ ቢቀባ ምንም አይሆንም። የጎኗን የፍትጊያ ዘንግ ግን እናንተም አትቀቡም። ወደ ኋላ በጣም ታጥፋችሁ ስትነዱም መፈታት አለባት፣ ካልሆነ ትጎብጣለች። የሁለቱ ብረቶች ጫፍ የሚቀባና የማይቀባ ዓይነት ስላለው የራስህን መመሪያ አንብብ።

ዩቲዩብ ላይ የአሜሪካኖቹን አይቶ አውሮፓ ውስጥ ኳስ የቀባ ሰው ስንቱ ነው።

ባለ_ቮልቮው

እሺ እኔም ልጠይቅ መሰለኝ። የኔ ኳስ አሮጌ ነው፣ ቀለም የሚባል ነገር የለውም። ሸራውን ባለፈው ዓመት በአዲስ ቀይረውልኛል። አሁንም ይጮሃል።

መካኒኩ_ማንቸስተር

ካሊፐር ካለህ ኳሱን ለካው። አዲስ ሲሆን 50 ሚሊሜትር ነው። ከ49 ከወረደ ኳሱ ራሱ መቀየር አለበት፤ ሸራ ብትቀያይር ዋጋ የለውም። የተለያየ ቦታ ላይ ለካ፣ አንድ ጎኑ ብቻ ተበልቶ ይሆናል።

አንገቱንም እይ። እዚህ እንግሊዝ በሁለት ብሎን የሚታሰረው አጭር አንገት ኳስ ብዙ አለ። ስታቢላይዘሩ ወፍራም ስለሆነ ሲታጠፍ ብሎኑን ወይም ሳህኑን ይነካል። ያኔ የምትሰማው የሸራ ጩኸት ሳይሆን ብረት ከብረት ነው። ከኳሱ መሀል እስከ ቅርብ መሰናክል 60 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ያስፈልጋል። ለዚህ ተብሎ የተሠራ ረጅም አንገት ኳስ ይሸጣል። ቀለሙ የተላጠ ወይም የተጫረ ብሎን ካየህ አገኘኸው ማለት ነው።

አበበች_ፍራንክፈርት

አንድ ነገር ደግሞ ለሁላችሁም። ስታቢላይዘር አለኝ ብላችሁ ጭነቱን እንዳትረሱ። ከባድ ዕቃ ከጎማው በላይና ወለሉ ላይ። ከኋላ ምንም ከባድ ነገር አታድርጉ። እኛ ሐበሾች ደግሞ ጉዞ ስንወጣ ቤቱን ነቅለን ነው፤ ምጣዱ፣ ሽንኩርቱ በኬሻ፣ የውኃው ካርቶን፣ ሁሉም መጨረሻ ሰዓት ላይ ከኋላ በር ነው የሚገባው። ጭራው ሲከብድ አፍንጫው ይቀላል። አፍንጫው የቀለለ ካራቫን መወዛወዝ ይወዳል። ያን ጊዜ ሸራው ብቻውን አይችለውም።

ከተወዛወዘ ደግሞ ነዳጁን ልቀቁ፣ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። አትፍጠኑ። እሱን በመሪ ልከተል አትበሉ።

ሰብለ_ሽቱትጋርት

ተመልሻለሁ! ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

ፓርኪንጉን አደረግነው። እጀታው ሲነሳ ጩኸቱ ጥርግ አለ፣ ሲወርድ ተመለሰ። ስለዚህ ኳሱን በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩት። ክንዴን ጨርሶታል፤ አናቱ ላይ ያለው ቀለም በቀላሉ የሚለቅ አይደለም። ብሬክ ክሊነሩ ላይ ጨርቁ መጀመሪያ ጥቁር፣ ከዚያ ግራጫ እያለ ሄደ። የጎን ሸራዎቹ ልክ እንዳልከው እንደ መስታወት ያብለጨልጩ ነበር። እነሱንም ፈተግኳቸው።

አሁን ሲጢጥ የሚለው ቀርቷል። በጣም ጠባብ ቦታ ስዞር "ኧኽ" የምትል ወፍራም ድምፅ አለች። እሷ ትተወኝ ወይስ ትኖራለች?

የ"ቋ"ዋን ነገር ጋሽ ተሳቢ አወቁት። ጫፉን ስገፋው እንደ መሳቢያ ዘው አለ። ላስቲኩም ከሥር ተቀዷል፣ ከላይ ሲያዩት አይታይም። ጋራዥ አስገብቼዋለሁ። አሞርዛተሩንና ላስቲኩን ይቀይራሉ፣ ዘንጉንም ይቀባሉ። ባለቤቴ የገዛውን ግራሶ ይዞ ሄዶ "በዚህ ቀቡት" ብሏቸዋል።

ጋሽ_ተሳቢ

ተባረኪ! ግራሶው ቦታውን አገኘ በይኛ 😂 ብሬነር ላይ በዝቅተኛ ማርሽ ውረጂ፣ ፍሬን ላይ ተኝተሽ አትቆዪ።

መካኒኩ_ማንቸስተር

"ኧኽ" የምትለዋ ትኑርልሽ። እሷ ሸራው ብረቱን ይዞ ሲሠራ ነው። አዲስ ተፈትጎ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ከፍ ትል ይሆናል፣ እያደር ትቀንሳለች። ሙሉ በሙሉ ዝም ያለ ቀን ግን ኳሱን በጣትሽ ንኪው። ጣትሽ ቅባት ይዞ ከተመለሰ ያኔ እዚህ ጻፊልን።

የሸራውን የመበላት ምልክትም አትርሺ። እጀታው ወርዶ ጥብቅ ሲል ጎኑ ላይ ያለውን ምልክት እዪ፤ የት ጋ ሲደርስ ሸራ እንደሚቀየር መመሪያው ላይ በሥዕል አለ።

ባለ_ቮልቮው

60 ሚሊሜትሩ ነው! ብሎኑ ጫፉ ተጭሯል። ረጅም አንገት ኳስ አዝዣለሁ። ቀለም ተቀብቶ ከመጣ መጀመሪያ እፈትገዋለሁ።

ቤርገን_ዝናብ

ዘግይቼ ደረስኩ ግን አንድ ጥያቄ። የኔ የሚጮኸው ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው፣ በተለይ ዝናብ ካደረ። ትንሽ ከነዳሁ በኋላ ይተዋል። ይኼም ቀለም ነው?

ኡትሬክት_ነኝ

አይደለም፣ ያ የአንድ ሌሊት ዝገት ነው። ኳሱ ባዶ ብረት ስለሆነ እርጥበት ሲያገኝ ቀላ ያለ ስስ ሽፋን ያወጣል። ሸራው በመጀመሪያዎቹ መታጠፊያዎች ላይ ይጠርገዋል። ለረጅም ጊዜ ፈተህ ካቆምከው ግን ከማያያዝህ በፊት በብርጭቆ ወረቀት ዳበስ አድርገው፣ ክዳንም ግዛለት። አዲስ ክዳን፣ ግራሶ ያልነካው።

ቤርገን_ዝናብ

ቤርገን ውስጥ ዝናብ የማያድርበት ሌሊት የለምኮ። ክዳኑን ዛሬውኑ አዝዛለሁ። አመሰግናለሁ።